ለፎርጂዱ የምኒልክ ብር የከፈልኩትን ገንዘብ እንዴት አስመለስኩ

የድሮ ሳንቲም የምትሰበስቡ ካላችሁ ይቺ ትጠቅማችኋለች። "ኦሪጅናል ነው" ተብሎ የተሸጠልኝ የምኒልክ አንድ ብር ፎርጂድ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቤን ግን ሙሉውን አስመልሻለሁ።

መጀመሪያ ማስረጃ። እውነተኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 83.5 በመቶው ንጹህ ብር ነው። የኔን ወርቅ ቤት አስመዘንኩት፤ 22 ግራም እንኳ በወጉ አልሞላም። ማግኔት ሳስጠጋለትማ ጥብቅ! ብር ደግሞ በማግኔት አይሳብም። ባለሙያው ውጤቱን ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። ኋላ ላይ ሥራውን የሠራው ይሄ ወረቀት ነው።

ሻጩ ስደውልለት "አይተህ አይደል የገዛኸው?" አለኝ። ጭቅጭቅ ውስጥ አልገባሁም። በቴሌግራም "ኦሪጅናል ነው" ያለበትን መልእክት ስክሪንሾት አነሳሁ። የባንክ ደረሰኙን ጨምሬ በጠበቃ በኩል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላክሁ። ደብዳቤው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1704 መሠረት ተታሎ የተገባ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይገልጻል። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 እንደሚያስቀጣም ይጠቅሳል። ሰውዬውን ያስደነገጠችው ይቺ ሁለተኛዋ ነች መሰለኝ።

ክስ ሳልመሠርት ገንዘቡን መለሰ። ሳንቲሙን ያስረከብኩት ገንዘቡ አካውንቴ ከገባ በኋላ ነው፣ ያውም በፊርማ።

ጊዜ አትግደሉ። ማታለሉን ካወቃችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሳችሁ ውሉን የማፍረስ መብታችሁ ይቀራል፤ አንቀጽ 1810 ነው። "ዕቃው ጉድለት አለበት" ብሎ ለመክሰስማ ጊዜው ከዚህም ያጥራል። ደግሞ በንዴት ለሌላ ሰው እንዳትሸጡት፤ ያኔ ተከሳሾቹ እናንተ ናችሁ።