የርጭት አውሮፕላን ሳይነሳ ማሳውን በእግር ማየት

የመብራት ሽቦውን አትፈልጉ፤ እንጨቱን ፈልጉ። ለርጭት አውሮፕላን የምድር ሥራ አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችን መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህንን ነው። 19 ዓመት ኬሚካል ቀያጭና ጫኝ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ኑሮዬ ሰንዳፋ ነው። ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቶ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲል፣ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው የጤፍ ማሳ ይዤው ወጣሁ።

ዳር ላይ ቆመን «ስንት የመብራት መስመር ይታይሃል?» አልኩት።

«አንድ ነው ጋሼ።»

እንጨቶቹን እየቆጠርን ስንሄድ ሦስተኛው ላይ ሽቦው የሚታሰርባቸው ሲኒዎች በሁለት አቅጣጫ ዞረው አገኘናቸው። በዞሩበት በኩል ብናይ፣ በባሕር ዛፎቹ መሃል ሾልኮ ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ቀጭን ሽቦ አለ። ቆመን እያየነው እንኳ ፀሐይ ደመና ውስጥ በገባች ቁጥር ይጠፋብን ነበር። አብራሪው ግን ከሰብሉ 3 ወይም 4 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ፣ በሰከንድ 50 ሜትር ያህል እየበረረ ነው የሚደርስበት።

ስለዚህ ማሳውን ዙሪያውን በእግር ዙሩ። የትኛውንም እንጨት ሽቦው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቁ አትለፉት። ወደ ፓምፕ፣ ወደ ዘበኛ ቤት፣ ወደ መጋዘን የሚገባውን ሁሉ በወረቀት ላይ ሣሉት። አዲስ የተቆፈረ አፈር ካያችሁ ደግሞ ምን እንደሆነ ጠይቁ።

ይህን አፈር እኔ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። በአንድ የጥጥ እርሻ ከቀትር በኋላ ማሳውን ዞረን ንጹሕ ነው አልን። በማግስቱ ማለዳ በርሜል ሳወርድ ከመስኖው ቦይ ዳር እርጥብ የአፈር ክምር አየሁ፤ የቦይ ጠረጋ መስሎኝ ዝም አልኩ። ለካ እኛ ከሄድን በኋላ ለአዲስ ፓምፕ እንጨት ተክለው ሽቦ ስበዋል፤ እንጨቱን ዛፍ ጋርዶታል። ካፒቴኑ በሦስተኛው ጭነት ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ ገባበት። እዚያው ሞተ። ጠዋት ሻይ አብረን ጠጥተን ነበር።

መርማሪዎቹ ሲመጡ «ሽቦ መታ» ብለው አላቆሙም። ዓይኑ ላይ ያረፈውን ፀሐይ፣ ነፋስ ሳይነሳ ለመጨረስ የነበረውን ጥድፊያ፣ ማሳው ጠዋት እንደገና አለመታየቱን፣ ጭነቱን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁን። የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባሪ 13 መሠረት ዓላማው ሌላ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም። ስለ አፈሩ ነገርኳቸው። እናንተም ብትጠየቁ አትደብቁ። ከዚያ ወዲህ ማታ የታየ ማሳ ጠዋት እንደገና ሳይታይ አንድም ሊትር ጭኜ አላውቅም።

ጭነቱን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ15 ዲግሪ ጀምራችሁ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 2 ዲግሪ ቀንሱ፤ የዚያ ቦታ መደበኛ ሙቀት ይወጣል። ቴርሞሜትሩ ከዚያ በላይ ለሚያሳየው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 36 ሜትር ገደማ ከፍታው ላይ ጨምሩ። አፋር ያለችው መልካ ወረር 740 ሜትር ላይ ናት፤ ሙቀቱ 38 ሲሆን ግን አውሮፕላኑ 1,750 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ይደክማል። ሰንዳፋም 22 ዲግሪ ስትሆን ለአውሮፕላኑ ከ3,300 ሜትር በላይ ናት ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ማሳው ጫፍ ላይ ዛፍ ለመዝለል ቀና ሲልና ዞሮ ሲመለስ ክንፉ አልሸከምም ይላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ማለዳ የሞላችሁትን ያህል ቀትር ላይ አትሙሉ፤ ስንት ሊትር እንደሚጫን የሚወስነው አብራሪው ነው፣ የእርሻው ሰው «ቶሎ ይለቅ» ቢልም።

ቀጥሎ የአብራሪውን ዓይን እዩ። የግሪሳ ወፍ ርጭት የሚደረገው ወፎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ፣ ሲመሻሽ ነው። ለዚህ የሚረጨው ፌንቲዮን ነርቭ የሚነካ መርዝ ነው፤ በቆዳም ሆነ በትንፋሽ ከገባ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ በደብዛዛ ብርሃን ማየት ያስቸግራል። ላብ የሚያጠምቀው፣ ምራቁ የሚበዛ፣ ብሌኑ የመርፌ ጫፍ የመሰለ አብራሪ ካያችሁ ጭነት አትስጡት፤ ልብሱን አስወልቃችሁ በውሃና በሳሙና አጥባችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። ቀያጩም እንዲሁ ነው። ጓንት ሳላደርግ የቀየጥኩበት አንድ ከሰዓት ሙሉ ሌሊት አስመልሶኛል።

የሣላችሁትን ወረቀት ሞተር ሳይነሳ ለአብራሪው በእጁ ስጡት። «ገባኝ» ሲላችሁ አትመለሱ። ሽቦዎቹ የት የት እንዳሉ እሱ በጣቱ እያሳየ ይንገራችሁ፤ አንዱን ከዘለለ ከመጀመሪያው ጀምሩ።