ክሬም ወይስ አረንጓዴ? ቀይ ወለል ላለው ሳሎን ቀለም አመራረጥ

ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ የምኖርበት ቤት ሳሎን ወለሉም መደቦቹም ቀይ ናቸው። ባለፈው ዓመት ኢድ ሲቃረብ ሰፈሩ ሁሉ ብሩሽ አነሣ፤ እኔም ተነሣሁ። ክሬም እና ፈዛዛ አረንጓዴ አማርጬ፣ የጥፍር ያህል ናሙና አምኜ አንድ ጋሎን ክሬም ገዛሁ። ግድግዳው ላይ ሲደርቅ የአራስ ልጅ ልብስ የመሰለ ሮዝ ሆነብኝ። ሻጩን አማረርሁ። ጥፋቱ ግን የወለሌ ነበር፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ቀዩ ወለል ላይ ያርፍና ቀልቶ ወደ ግድግዳው ይወጣል።

ስለዚህ ከሁለቱም ቀለም ትንሹን ጣሳ ግዙ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆኑ ሁለት ካርቶኖች ቆርጣችሁ መጀመሪያ ነጭ ቀቧቸው፤ ከዚያ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ደርቡ። የድሮው ግድግዳ ዓይናችሁን እንዳያታልል ዳር ዳሩን አራት ጣት ያህል ነጭ ተዉለት። ሳይደርቅ አትፍረዱ፤ በውሃ የሚቀጠን ቀለም ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ጠቆር ይላል።

ካርቶኖቹን ጎን ለጎን አታቁሙ። ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ እኔ ግን አልስማማም፤ ክሬም አረንጓዴ አጠገብ ሲቆም ከራሱ ይልቅ ቀላ ይላል፣ አረንጓዴውም ይብስበታል። አብራችሁ የምትኖሩት ከአንዱ ጋር ነው። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን አቁሙ። በሩ ያለበትን ግድግዳ አትርሱ፤ ከሁሉም የሚጨልመው እርሱ ነው። ቆማችሁም አትዩ፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሳሎን የምቀመጠው ቡና ሲፈላ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስለሆነ የጠዋቱን ውበት ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

ማታ መብራት አብርታችሁ ድገሙት። የአምፖሉ ካርቶን ላይ 3000 ኬልቪን ከተጻፈ ብርሃኑ ቢጫማ ነው፤ አረንጓዴውን ወደ ወይራ ይወስደዋል። 6500 ከሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ክሬሙንም ያቀዘቅዘዋል። ሁለቱን አምፖል በአንድ ክፍል የሚቀላቅል ሰው ቀለም ባይመርጥ ይሻለዋል።

ግድግዳ ላይ ስፌት የምትሰቅሉ ከሆነ አንዱን አውርዳችሁ ካርቶኑ ላይ ደግፉት። ለእኔ የቆረጠልኝ ይህ ነው፤ አረንጓዴው በወለሉ ቅላት ደብዘዝ ብሎ ግራጫ መስሎ ሳለ፣ የስፌቱ ቀይና ብርቱካናማ ግን ፍም መሰለ።

የተረፈውን ክሬም ጓዳውን ቀባሁበት። እዚያ ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ክሬም እንደሆነ ቀረ።