ከአሜሪካ የመጣውን ቫይታሚን ከመዋጣችሁ በፊት

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ አንድ ሁለት ብልቃጥ ቫይታሚን አይጠፋም። እኛ ቤት ሦስት ተደርድረው ነበር። አንዱ ጊዜው ካለፈ ዓመት ሆኖታል!

ብልቃጡን አዙሩት። የፊቱ ማስታወቂያ ነው፤ ቁም ነገሩ ከጀርባ ነው። እዚያው አሜሪካ እንኳ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ እነዚህን እንክብሎች ገበያ ላይ ከመዋላቸው በፊት መርምሮ አያጸድቃቸውም። የዩኤስፒ (USP) ማኅተም ካለበት ግን ጥሩ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው በእርግጥ ውስጡ መኖሩን ከአምራቹ ውጭ ያለ ድርጅት አይቶታል ማለት ነው። «ስኳር ያድናል» ምናምን የሚል ካያችሁ ይቅርባችሁ።

መጠኑንም እዩ። መልቲቫይታሚኑ ውስጥ ቫይታሚን ዲ አለ፤ ለብቻው ሌላ ስትጨምሩ ይደራረባል። ለአዋቂ ሰው ሐኪም ካላዘዘ በቀን ከ4000 ዩኒት (IU) ማለፍ የለበትም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ፋርማሲስቱን ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

የእኛ ቤት ትልቁ ስህተት አይረን (የብረት ማዕድን ክኒን) ነው። ከቁርስ በኋላ፣ ቡናው እየተቀዳ፣ ክኒኗ ዋጥ! ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል። አንድ ሁለት ሰዓት አራርቁት። በብርቱካን ጭማቂ ብትወስዱት ደግሞ ይሻላል።

በሳምንቱ ለሚሰለቻችሁ፣ እኔን የረዳኝ ብልቃጡን ከመሳቢያ አውጥቼ ጥርስ ብሩሼ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ግድግዳው ካላንደር ላይም በእስክሪብቶ ጭረት አደርጋለሁ። አንድ ቀን ከዘለልኩ በማግስቱ ደርቤ አልውጥም፤ ከዚያው እቀጥላለሁ።