ዝናቡ ገብቶ ማሽላው ለምን ቢጫ ሆነ? ከድርቅ ማግስት የአፈር ችግርና መፍትሄ

ቆቦ ሜዳ ላይ ድርቅ ባለፈ ማግስት ክረምቱ ሲሰምር «ዝናቡስ ደግ ነው፣ አዝመራው ምነው?» የሚል አይጠፋም። ጥፋቱ ዘሩ ላይ ይላከካል። ዘሩን ከመውቀሳችሁ በፊት አፈሩን ቆፈር አድርጋችሁ እዩ።

ችግር፦ ማሽላው አምሮ በቅሎ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይገረጣል

መጀመሪያ የትኛው ቅጠል እንደገረጣ ለዩ። ቢጫነቱ ከታችኞቹ፣ ካረጁት ቅጠሎች ጫፍ ተነስቶ በመሐል ጅማቱ በኩል ወደ ግንዱ ከገባ የናይትሮጅን እጥረት ነው። አዲሱ ቅጠል ከቀደመ ሌላ በሽታ ፈልጉ።

ነገሩ የሚጀምረው በጋ ላይ ነው። አፈር ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሁሉ አይሞቱም። አንዳንዱ ባክቴሪያ ውሃ እንዳያመልጠው ስኳርና አሚኖ አሲድ በሰውነቱ ያጠራቅማል፣ ሌላው ጠንካራ ልባስ ለብሶ ይተኛል። ፈንገስ በቀጫጭን ክሮቹ ደረቁን ክፍተት ተሻግሮ እርጥበት ስለሚያገኝ ድርቅን ከብዙው ባክቴሪያ የተሻለ ይችላል። የመጀመሪያው ዝናብ ድንገት ሲወርድ ከነዚህ አንዳንዱ ያጠራቀመውን ይተፋል፣ ያልቻለው ይፈነዳል፤ የተረፉት ያንን ይበላሉ። በቀናት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአፈሩ ይተናል፣ ናይትሮጅንም ይለቀቃል። ይህን ክስተት በርች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ኬንያ ሆኖ ስለጻፈበት ክስተቱ በስሙ ይጠራል። (ያ ሁላችንም የምንወደው የመጀመሪያ ዝናብ ሽታም የባክቴሪያ ሥራ ነው።)

ድግሱ ሲበላ ማሽላው ገና ሥር አላወጣም። ተከታዩ ዶፍ የተለቀቀውን ናይትሮጅን (ናይትሬቱን) ይዞት ወደ ታች ይሰርጋል። መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ላይ ውሃ ከተኛ ደግሞ አየር ያጠራቸው ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ቀይረው ይበትኑታል።

መፍትሄ፦ ዩሪያውን ባንድ ጊዜ አትጨርሱ። ከፊሉን በዘር ወቅት፣ ቀሪውን ማሽላው ጉልበት ሲደርስ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ጨምራችሁ በአፈር ሸፍኑት። ላይ ላዩን የተበተነ ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። መረሬ ላይ ውሃውን በቦይ አጠንፍፉ። በደረቅ መዝራትም ዘሩን ለድግሱ ያደርሰዋል፤ ዝናቡ ጀምሮ ከጠፋ ግን ዘሩን ያስበላል። እኔ ብሆን ግማሽ ማሳ ላይ ብቻ እደፍራለሁ።

ችግር፦ ደላንታ ላይ ባቄላው ቆሟል፣ ሥሩ ግን ባዶ ነው

ተክሉን ከነአፈሩ አውጡና በሥሩ ላይ ያሉትን ትናንሽ እባጮች በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጡ ደም መሳይ ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እባጩ ጨርሶ ከሌለ፣ ራይዞቢየሙን፣ ማለትም እባጩ ውስጥ ናይትሮጅን የሚሠራውን ባክቴሪያ፣ ሙቀትና ድርቀት በልቶት ሊሆን ይችላል። ይህ ባክቴሪያ ያለበት ህያው ማዳበሪያ ገዝታችሁ ዘሩን ጥላ ሥር ለውሱ፣ በዕለቱ እርጥብ አፈር ላይ ዝሩ። ፀሐይ ላይ የዋለ ፓኬት ገንዘብ ማባከን ነው።

ችግር፦ አቀንጭራ (ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥጥ አረም) በዛ

የተራበ ማሽላ ፈንገሶችን ለእርዳታ የሚጠራበትን ኬሚካል ከሥሩ አብዝቶ ያወጣል፤ ፈንገሱ ፎስፈረስና ውሃ ያቀብለዋልና። ጥሪውን ግን አቀንጭራም ይሰማል፣ ዘሩም በዚያው ይነቃል። ስለዚህ ማሳው በተራበ ቁጥር ይብሳል። ፍግ ማሳ ላይ ይግባ እላለሁ፤ ማገዶ በሌለበት ኩበት አታንድዱ ማለት ግን ለተናጋሪው ቀላል ነው። ቢያንስ የአገዳውን ጉቶ ከነሥሩ አትንቀሉ። በቀጣዩ ዓመት ማሾ ወይም ሽንብራ ዝሩ፤ አቀንጭራው እነሱ ላይ አይጣበቅም። ጎብዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ጥሪያቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ይሻላሉ። የበቀለውን አቀንጭራ ከማበቡ በፊት ንቀሉት፤ አንዱ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል።