«ስዊቹ ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት፦ የስማርት ግፊትና ሙቀት ስዊቾች ችግርና መፍትሔ

ምልክት፦ ፓምፑ በድንገት ይቆማል፣ ሪሴት ሲደረግ ይነሳል፣ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መርፌ ግን ጤነኛ ግፊት ያሳያል

ስማርት ስዊች ግፊትን ወይም ሙቀትን በሴንሰር እየለካ በተስተካከለለት ነጥብ ላይ ማሽኑን የሚያቆም ወይም የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። በየፋብሪካው ደጋግሜ የማገኘው ይህንን ነው። የሚሰጠውም መፍትሔ የትም ቦታ አንድ ነው፦ ስዊቹን አውጥቶ አዲስ መግጠም። ጥቂት ቆይቶ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ስዊቹ ሳይሆን ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብቻ የሚቆይ የግፊት ምት ነው። የጌጅ መርፌ ይህን ያህል ፈጣን ለውጥ አይከተልም፤ ስማርት ስዊች ግን የደረሰበትን ከፍተኛና ዝቅተኛ ግፊት ይመዘግባል። ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ አንብቡት። ሳታነቡ ኤሌክትሪክ አታጥፉ! በአንዳንድ ሞዴሎች መዝገቡ ኃይል ሲቋረጥ አብሮ ይጠፋል።

አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ የጠርሙስ ማጠቢያው መስመር በ4 ባር ይሠራል፤ ስዊቹ በ6 ባር እንዲያቆም ተስተካክሏል። መዝገቡ ላይ ያገኘነው ግን 11 ባር ነበር። «ተበላሹ» ተብለው ካርቶን ውስጥ የተጣሉትን አሮጌ ስዊቾች አንድ በአንድ ከ24 ቮልት ጋር አገናኝተን አየናቸው። አፋቸው ለአየር ክፍት ሆኖ ሳለ ዜሮ ማንበብ ሲገባቸው 0.3 እና 0.4 ባር ያነባሉ፤ ዲያፍራማቸው (ግፊቱን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) በተደጋጋሚ ምት ተጣሟል። ምቱን የሚፈጥረው በቅጽበት የሚዘጋ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ) ቫልቭ ነበር። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በድንገት ሲገታ ግፊቱ ከ10 ባር በላይ ሊዘል ይችላል። ስዊቹማ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር።

የትኛው ቫልቭ እንደሆነ ለማወቅ መዝገቡን ከሜኑው ሰርዙ፣ አንድ ቫልቭ ብቻ ዝጉ፣ አንብቡ። እንደገና ሰርዛችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ስዊቹ ላይ የማለስለሻ ጊዜ (ፈጣን የንባብ ለውጥን የሚያለዝብ) ተሰጥቶ ከሆነ ለምርመራው ያህል ወደ ዜሮ መልሱት፤ አለዚያ መዝገቡም ምቱን ላያይ ይችላል።

መፍትሔው ቀስ ብሎ የሚዘጋ ቫልቭ መግጠም ነው። ካልተቻለ ቫልቩ አጠገብ የአየር ታንክ፣ ስዊቹ ፊት ደግሞ ምት የሚያበርድ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ማገናኛ ይግባ። የ100 ወይም የ200 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት መስጠት ማሽኑን ከመቆም ያድነዋል እንጂ ዲያፍራሙን አያድነውም። ለሰው ደኅንነት በተገጠመ ስዊች ላይ ደግሞ መዘግየት በፍጹም አትስጡ። አዲስ ስዊች ስትገዙ የሚችለው ከፍተኛ ጫና መዝገቡ ላይ ካያችሁት ይብለጥ። ይህ ቁጥር ያልተጻፈበትን ርካሽ ስዊች ገዝቶ መስመር ላይ ማሰር ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ምልክት፦ ንባቡ ዘግይቶ ይንቀሳቀሳል ወይም አንድ ቦታ ላይ ይቆማል

ፈታችሁ ቀዳዳውን በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ነጭ ክር መሰል ነገር ካያችሁ የቧንቧ ማሸጊያ ቴፍሎን ነው። ቴፍሎን ሲጠመጠም የመጀመሪያው ጥርስ ባዶ መተው እንዳለበት እየታወቀ ስንት ስዊች በዚህ ምክንያት ተጣለ! ክሩን በመርፌ አትጎርጉሩት፤ ዲያፍራሙን ትበሳላችሁ። በጥንቃቄ በወረንጦ ይውጣ።

ምልክት፦ ኮምፕሬሰሩ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይቆማል

የማቆሚያውና የማስነሻው ነጥብ ተቀራርበዋል። በ7 ባር ቆሞ በ6.8 የሚነሳ ኮምፕሬሰር ኮንታክተሩን (የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ስዊች) ያቃጥላል። ልዩነቱን ቢያንስ ወደ 1 ባር አስፉት።

ምልክት፦ ግፊት በሌለበት ከዜሮ በታች 0.25 ባር ያነባል

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው። በባሕር ወለል ግፊት ታሽጎ የመጣ ሴንሰር እዚህ ከዜሮ በታች ቢያነብ ጤነኛ ነው፤ ዜሮውን አስተካክሉ። ፍጹም ግፊት (ከባዶ ቫኪዩም ጀምሮ) የሚለካው ዓይነት ደግሞ 0.76 ያሳያል።

ምልክት፦ የእንፋሎቱ ግፊትና ሙቀት አይጣጣሙም

አዲስ አበባ ላይ ጌጁ 5 ባር ሲያሳይ ሙሌት እንፋሎት (በዚያ ግፊት ውሃ በሚፈላበት ሙቀት ላይ ያለ) 157 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መሆን አለበት። የሙቀት ስዊቹ 140 ካለ መጀመሪያ የሴንሰሩ ጫፍ የመከላከያ ቱቦውን መጨረሻ መንካቱን አረጋግጡ። ከነካ እንፋሎቱ ውስጥ አየር አለ፤ የአየር ማስወጫውን ፈትሹ። የቦይለር ግፊት ስዊች ሁልጊዜ ውሃ በተሞላ ጥምዝ ቱቦ በኩል ይገጠም፤ ትኩስ እንፋሎት በቀጥታ ከነካው ይቃጠላል። በርነሩ (የቦይለሩ ማቃጠያ) እንቢ አለ ብሎ ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ወንጀል ነው። ለምርትም ብላችሁ፣ ለአንድ ፈረቃም ብላችሁ አታድርጉት። ስማርት ስዊችም የሴፍቲ ቫልቭን ቦታ አይተካም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ ኮኔክተሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል። የስዊቹ ውጤት (የሚልከው ምልክት) ፒኤንፒ (ፕላስ የሚሰጥ)፣ የፒኤልሲው (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተር) ግቤት ግን ኤንፒኤን (ማይነስ የሚጠብቅ) ሆኖ ይሆናል። መለኪያው በፒኤስአይ (ሌላ የግፊት አሃድ) ተቀምጦ 7 ባር 101 ሆኖ ይነበብ ይሆናል። ኮንታክተር በቀጥታ በስዊቹ ትራንዚስተር ታስሮ ከሆነም የስዊቹ ውጤት ተቃጥሎ ይሆናል፤ በአዲሱ ላይ መሀል ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያገናኝ ስዊች) አስገቡ።