አብሽ ለስኳር ሕመምተኛ፦ አዘገጃጀቱና በመለኪያ መፈተሻው

ባሕር ዳር ላይ ስኳር እንዳለበት የተሰማ ሰው ሳይጠይቅ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ጎረቤት ጥቁር አዝሙድ ይላል፣ የሥራ ባልደረባ ሽፈራው፣ ሌላው ደግሞ የመረረ ሁሉ ስኳር ያወርዳል ብሎ ግራዋ ይጨምቃል። ከሁሉም ቅድሚያ የምሰጠው ለአብሽ ነው። ዋጋው አይከብድም፣ አሠራሩም ይታወቃል፦ ውሃ ሲነካው የሚያብጠውና የሚያዝለገልገው አሰሩ ምግቡን ሆድ ውስጥ አወፍሮ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ሐኪም ያዘዘውን የስኳር መድኃኒት፣ ሜትፎርሚንን ወይም ኢንሱሊንን፣ ግን አይተካም።

ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚውጡ ወይም ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ መድኃኒቱና አብሹ ሲደራረቡ ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡርና ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው በዚህ መልክ ባይጀምሩት ይሻላል። ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ቁንጥር ማንንም አያሳስብም።

1. ፍሬውን ይግዙ፣ ዱቄቱን አይደለም

ከቅዳሜ ገበያ ፍሬውን ገዝተው ይልቀሙት። ስም የሌለው «የስኳር መድኃኒት» ተብሎ የታሸገ ድብልቅ ዱቄት ይቅርብዎ፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። በለስላሳ እሳት እያማሰሉ አመስ ያድርጉት። ሽታው ቤቱን ሲሞላና ቢጫው ትንሽ ጠቆር ማለት ሲጀምር ያውጡት፤ ካለፈ ምሬቱ አይቻልም። ከዚያ ልሞ ይፈጭ።

2. ማታ ይዘፍዝፉ

አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ከድነው ያሳድሩ። ጠዋት ዱቄቱ አብጦ ከታች ይቀመጣል፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል። እናቶቻችን ምሬቱ እስኪጠፋ ሦስት አራት ጊዜ ያጠልሉታል፤ ለእርስዎ አንዴ ይበቃል፣ የምንፈልገው ዝልግልጉ አብሮ እንዳይሄድ። አዲስ ውሃ ጨምረው እስኪነጣና አረፋ እስኪያወጣ በሹካ ይምቱት፣ ሎሚ ይጭመቁበት። ማር አይግባበት። «ማር እኮ ተፈጥሮ ነው» የሚል አይጠፋም፤ የደም ስኳር መለኪያው ግን ማርን ከስኳር አይለይም።

የሚጠጣው ልክ ከምግብ በፊት ነው። ዝልግልጉ የክኒንንም መመጠጥ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ክኒንዎ ጠዋትና ማታ ከሆነ አብሹን ምሳ ላይ ያድርጉት። መጀመሪያ ላይ ሆድ ሊነፋ ይችላል። ላብና ሽንትዎ አብሽ አብሽ ቢሸትም አይደንግጡ።

3. ይለኩት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ተመሳሳይ ምሳ የሚበሉባቸው ሁለት ቀኖች ይምረጡ፦ ያው እንጀራ፣ ያው ሽሮ፣ ያው መጠን። አንዱን ቀን ያለ አብሽ፣ ሌላውን ከአብሽ ጋር። ከመብላትዎ በፊት ይለኩ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከጎረሱ 2 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ይለኩና ደብተር ላይ ይጻፉት። አንድ ልኬት ያሳስታልና ይደጋግሙት። ለአብዛኛው አዋቂ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ይፈለጋል፤ ሐኪምዎ ሌላ ቁጥር ከሰጠዎት የእርሱን ይያዙ። ልዩነት ካላዩ አብሹን ለወጥ ይመልሱት።

4. እንጀራውን ይጠይቁ

እዚህ አካባቢ እንጀራ እንዲነጣና እንዲበረክት የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ይቀላቀላል። ነጭ ሩዝ ገለባው ተገፎ የወጣ ስለሆነ አሰሩ ትንሽ ነው፣ ስኳርንም ቶሎ ያወጣል። ከሚገዙባት እናት ስንት እጁ ሩዝ እንደሆነ ይጠይቋት። ንጹሕ ጤፍ ወይም የጎጃም ዳጉሳ ይሻላል፤ ሦስት እንጀራ ከተበላ ግን ዳጉሳም አያድንም። ጎመኑንና ምስሩን አስቀድመው እንጀራውን ያስከትሉ፤ ይህ ብቻውን ከምግብ በኋላ ያለውን ቁጥር ይቀንሳል። የጣና ቆሮሶ ዓሣም ዱቄት ካልተለወሰና ዳቦ ካልተከመረለት ስኳር አያወጣም። ማንጎ ካማረዎት ጥቂት ቁራጭ ይብሉ እንጂ ጁስ ቤት አይግቡ።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ፦ ቀረፋ ሻይ ላይ ጥሩ ነው፣ በማንኪያ መዋጥ ግን አይገባም፤ በገበያ የሚበዛው ዓይነት ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበትን ሻይ ደግሞ ቀረፋ አያስተካክለውም። ጥቁር አዝሙድንና ሽፈራውን መሞከር ከፈለጉ ከአብሽ ጋር አያደባልቁ፤ የቱ እንደሠራ አያውቁም።

5. ስኳር ቢወርድ

ጾም ይዘው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ ላይ ካሉ፣ ሐኪምዎንም የንስሐ አባትዎንም አስቀድመው ያማክሩ። ካንቀጠቀጠዎት፣ ካላበዎት ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ 15 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።