ሙቀጫው የማን ነው? ቀን የምትተኛ ነርስ ስለ ጎረቤት ድምፅ

ነርስ ነኝ። የወሩን ግማሽ ሌሊት ሥራ ላይ ነው የማድረው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ቤቴ እገባለሁ፤ ሻይ በዳቦ እቀምሳለሁ፤ መጋረጃ እዘጋለሁ። ልክ 3 ሰዓት ሲል ሙቀጫው ይጀምራል። ድም። ድም። ድም።

ሌሊት ሙዚቃ የተከፈተበት ሰው ቢጮህ ሁሉም ያዝንለታል። እኔ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቡና ወቀጣችሁብኝ ብዬ ለማን አቤት ልበል? ስለዚህ መብት ሳይሆን መላ ነው የተማርኩት። ለሌሊቱም ጫጫታ ቢሆን ከመብት በፊት መላ ይቀድማል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ የማንንም በር አታንኳኩ። ይህን የምለው አንኳኩቼ ስላፈርኩ ነው። ሙቀጫው ከላይ ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ብሶብኝ አልጋዬ ላይ ቆሜ በመወልወያው እንጨት ጣሪያውን ደበደብኩት። የልስን ቁራጭ አንሶላዬ ላይ ወረደ፤ ሙቀጫው ግን ቀጠለ። ነጠላ ጣል አድርጌ ወደ ላይ ወጣሁ። እማማ (ብሎኩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው) በር ከፈቱልኝ። መቁጠሪያቸውን ይዘው ብቻቸውን ነበሩ። «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉኝ። እሳቸው ፊት ቆሜ ሙቀጫው ከታች ይሰማኛል። ድም። ድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወለል የሚመታ ድምፅና በአየር የሚመጣ ድምፅ አንድ አይደሉም። ወሬና ሙዚቃ በበር ስር፣ በመስኮት ክፍተት ነው የሚገባው፤ ጆሮም አቅጣጫውን ያውቀዋል። ሙቀጫ፣ የሚጎተት ወንበር፣ የልጅ ሩጫና የውኃ ፓምፕ ግን ሶሌታውን (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) ራሱን ነው የሚያንቀጠቅጡት። ንዝረቱ በሶሌታው፣ በኮለኑ (በምሰሶው)፣ በቧንቧው ሄዶ ሌላ ክፍል ውስጥ ይወጣል። ከላይ የመጣ የመሰለህ ከጎን ይሆናል።

በማግስቱ የልብ ማዳመጫዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እንደ በሽተኛ ቤቱን መረመርኩት፤ ጣሪያው ስለማይደረስ ወለሉን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ፣ አራቱንም ግድግዳ። የአልጋዬ ራስጌ ግድግዳ ላይ ስደርስ ጆሮዬን ሊያፈርጠው ነበር። ግድግዳውን የምንጋራው ደግሞ በሌላ ደረጃ ከሚወጣ ቤት ጋር ነው። አምስት ዓመት በአንድ ብሎኬት ጀርባና ጀርባ ሆነን ተኝተን፣ የዚያን ቤት ሴት መልኳን አላውቅም። ማዳመጫ የሌለው መዳፉን ግድግዳው ላይ ያሳርፍ፤ ብዙም አይከፋም።

እግረ መንገዳችሁን ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። እኔ የግድግዳ ካሌንደር ላይ ነው የጻፍኩት። ሰዓት፣ ምን ድምፅ፣ ስንት ደቂቃ። ሙቀጫው «ቀኑን ሙሉ» ነበር የሚመስለኝ። ሲመዘገብ በቀን ሁለት ጊዜ ሆነ፤ 3 ሰዓት ላይና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ፣ ቢበዛ ስምንት ደቂቃ። ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ይቻላል፤ ለስምንት ደቂቃ ነው እንዴ እንዲህ ያበድኩት? ግን እንቅልፍ የሚያባርረው ርዝመቱ ሳይሆን መምጫው ነው።

አሁን ወደ በሩ። ድምፁ እየተሰማ አትሂዱ። ያኔ እናንተም ግላችኋል፣ እሷም ዘነዘና ይዛለች። እንግዳ በሌለበት፣ ባልም ልጅም ፊት ሳይሆን፣ ብቻዋን ስትሆን ነው። በጥበቃው በኩል መልእክት አትላኩ፤ «ትንሽ ቀንሺ» ብላችሁ የላካችሁት «ሰው ነሽ ወይ አለችሽ» ሆኖ ይደርሳል። የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማንሳት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ሰው ፊት የተነካ ሰው ድምፁን ቢቀንስም ቂሙን አይቀንስም።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በሌላው ደረጃ ወጣሁ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዣለሁ። ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያለች ሴት ከፈተች። «እትዬ፣ ከጀርባሽ ያለሁት ነኝ» ስላት ሳቀች። ስለ ሙቀጫ አልጀመርኩም፤ ስለራሴ ነው የጀመርኩት። «ነርስ ነኝ፣ ሌሊት እሠራለሁ፣ የምተኛው ጠዋት ነው፣ ራስጌዬ ደግሞ እዚህ ጋ ነው» ብዬ ግድግዳውን ነካሁት። እሷ ራሷ ዞር ብላ ሙቀጫውን አየችው። እዚያው ግድግዳው ስር ቁጭ ብሏል። «ውይ በሞትኩት!» አለች። ክስ ሳትናገሩ ሰውየው ራሱ እንዲደርስበት ካደረጋችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዕቃ ነው። ዕቃውን አስተካክሉ እንጂ ሰውየውን ልታርሙ አትነሱ። «አትውቀጪ» ማለት አይቻልም፤ ቡና ነው። ግን ሙቀጫው ወለል ላይ ባዶውን አይቀመጥ። መጀመሪያ ወፍራም ስፖንጅ ሞከርን፣ ሙቀጫው እየተወዛወዘ ቡናው ተፈነጠረ። የተሻለው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ላይ የታጠፈ ጆንያ አድርጎ ማስቀመጥ ሆነ። ቦታውንም ቀየርን፤ ከጋራ ግድግዳው አራቅነውና ወጥ ቤቷ ጥግ፣ ኮለኑ አጠገብ አደረግነው። የክፍሉ መሃል ሶሌታ እንደ ከበሮ ነው፣ ኮለን አጠገብ ግን ብዙ አይንቀጠቀጥም። የበርበሬ ጊዜ ደግሞ ኮሚናል (የብሎኮቹ የጋራ ቤት) ወርዳ ትወቅጣለች፤ እኔም ካልደከመኝ እያገዝኩ አስነጥሳለሁ።

ሌላውም በዚሁ ዘዴ ነው። ለሚጎተት ወንበር እግሩ ላይ የካላማዳሪ ቁራጭ ማሰር። ወለል ላይ የተቀመጠ ትልቅ ስፒከር ካለ ከወለልና ከግድግዳ ማራቅ፤ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ነው የሚጎዳው። ውኃ በፈረቃ ሌሊት 9 ሰዓት ሲመጣ የሚነሳው ፓምፕ ከሥሩ ጎማ ከተደረገለትና ቧንቧው ከግድግዳው ጋር ካልተላተመ ጩኸቱ ይቀንስላችኋል። በርሜል የሚሞላውን ሰው ግን ተዉት። ውኃ በመጣበት ሰዓት ማንም ይሞላል፣ እኔም እሞላለሁ።

በራሳችሁ በኩል አልጋውን ከጋራው ግድግዳ አንሱት። እኔ ይህን ያሰብኩት ከሁሉም በኋላ ነው፣ ሞኝነቴ። በግድግዳው በኩል ቁም ሳጥን አቁሙ፤ የበሩን ስር በጨርቅ ድፈኑ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። የክፍሉን የገደል ማሚቶ ትንሽ ያለዝባል እንጂ ከጎረቤት የሚመጣውን አያቆምም።

የጆሮ መድፈኛ ፋርማሲ ይሸጣል። ብዙ ሰው ግን በትክክል አያስገባውም። ስፖንጁን በጣታችሁ አድቦልቡላችሁ አቅጥኑት። በሌላው እጅ በጭንቅላታችሁ ላይ አሻግራችሁ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፤ ቱቦው ይቃናል። አስገቡና እስኪነፋ ድረስ በጣት ያዙት። በቆሸሸ እጅ አይሆንም። ጆሮው የሚያመው ወይም የሚፈስ ሰው ጨርሶ አይጠቀም። ለወሬና ለሙዚቃ ደህና ነው። ለሙቀጫ ግን ብዙ አትጠብቁ፤ ንዝረቱ በአልጋው ይመጣል።

አሁን መላው ያልሠራለት ሰው ወዴት ይሂድ? ምድር ቤት ያለች አንዲት ግሮሰሪ ሌሊት 6 ሰዓት ድረስ ስፒከር ደጅ ታወጣ ነበር። ሁለቴ በደህና ቋንቋ ነገርናቸው፣ ሁለቴም «እሺ» አሉ። ያኔ ለብቻ ማኩረፍ ጥቅም የለውም። የሰባት ቤት ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ለኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ኮሚቴ አስገባን፤ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ካሌንደሬ እዚህ ጋ ነው የጠቀመኝ። ኮሚቴው ሲያቅተው የወረዳው ደንብ አስከባሪ ጋ ሄድን፣ ግልባጩን በእጃችን ይዘን። ሌሊቱን ጠብ ወይም ዛቻ ከመጣበት ግን አትውረዱ፤ ለፖሊስ 991 ደውሉ።

ሕጉም ከናንተ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያመጣ ይከለክላል። የአካባቢ ጥበቃው መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የስልክ መለኪያ አፕ ግምት እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም ደብዳቤ ላይ ሲጻፍ ሰው ይሰማል። የግሮሰሪው ስፒከር ወደ ውስጥ ገባ። ባለቤቱ ለሁለት ወር ሰላም አይለኝም ነበር፣ አሁን ይለኛል።

የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ግን ካሌንደር አይወጣም። ወርዳችሁ ተቀመጡ። ሠርግም እንደዚያው፣ አንድ ሌሊት ነው።

ወደ እትዬ ልመለስና፣ ጎማው ከገባ በኋላም አንድ ችግር ቀረን። ደግ ሰው ናት፤ ከመውቀጧ በፊት ትደውልልኛለች። «ተኝተሻል እንዴ? ልወቅጥ ነበር።» ሙቀጫው የማይቀሰቅሰኝን ስልኩ ቀሰቀሰኝ። ከዚያ በረንዳዬ ላይ ቀይ ሻርፕ ልሰቅል ተስማማን፤ ከእሷ በረንዳ ይታያል። ሻርፑ ካለ ተኝቻለሁ፣ ከሌለ እንደፈለገች።

ባለፈው እሁድ ማንሳቱን ረሳሁት። ዕረፍቴ ነበር፣ ቁጭ ብዬ ልብስ እያጣጠፍኩ የቡናዋ ሽታ ይመጣል፤ የሚጠራኝ የለም። ምን አስቀየምኳት እያልኩ ቆየሁና ሄጄ አንኳኳሁ። በረካው ላይ ደርሰዋል። «ምነው፣ ሻርፕሽን አይቼ ዝም አልኩ እንጂ» አለችና ሲኒ አወጣችልኝ።